ከቀዝቃዛው ወደ ሞቃቱ የሚፈስ ጋዝ

ጥያቄ፦ በጎንደር የሁለተኛ ዲግሪ የሒሳብ ተማሪ ነኝ። በጠባብ ቱቦ ውስጥ ያለ የሳሳ ጋዝ፣ የሁለቱ ጫፎች ግፊት እኩል ሆኖ ሳለ፣ በሙቀት ልዩነት ብቻ ከቀዝቃዛው ጫፍ ወደ ሞቃቱ እንደሚፈስ አነበብሁ። የተማርሁት፣ የፈሳሽና የጋዝ ፍሰትን የሚገልጸው የናቪየር ስቶክስ እኩልታ ግን ይህን አያሳየኝም። ሞዴሉን ከየት ልጀምር? በጎንደር አጠገብ ባለችው በወለቃ መንደር የሚሠራው ሸክላ ቀዳዳዎችስ እንዲህ ያለ ፍሰት ይፈጥሩ ይሆን?

መልስ፦ ያነበቡት እውነት ነው፤ መሐንዲሱ ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1879 እ.ኤ.አ. ጋዝ በሚያሳልፉ ቀዳዳማ አካላት ፈትኖ አሳይቶታል። ፍሰቱ የሚወለደው ከግድግዳው ላይ ነው። ከሞቃቱ በኩል መጥተው ግድግዳውን የሚመቱት ሞለኪውሎች ከቀዝቃዛው በኩል ከሚመጡት ይልቅ ፈጣን ስለሆኑ ግድግዳውን ወደ ቀዝቃዛው ይገፉታል፤ ግድግዳውም በአጸፋው ጋዙን ወደ ሞቃቱ ይገፋዋል። እኩልታዎ ይህን የሸሸገብዎት፣ ጋዙ ግድግዳው ላይ ፈጽሞ ይቆማል የሚለውን የዳር ሁኔታ ስለያዙ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል በዚያው ዓመት በመንሸራተት ሁኔታ ተካው፦ የመንሸራተቱን ፍጥነት ለማግኘት የጋዙ ዝልግልግታ (viscosity) ለእፍግታውና (density) ለፍጹም ሙቀት መጠኑ ብዜት ይካፈላል፤ ውጤቱም በግድግዳው ላይ ባለው የሙቀት ለውጥ በሜትርና በ3/4 ይባዛል። በባሕር ወለል ግፊት፣ በ300 ኬልቪን ገደማ ያለ አየር በ1 ሚሊሜትር ርዝመት የ100 ዲግሪ ልዩነት ቢገጥመው በሰከንድ 4 ሚሊሜትር ያህል ይንሸራተታል። የሞለኪውሎችን የፍጥነት ስርጭት ከሚከታተለው የቦልትዝማን እኩልታ የተገኙት የኋላ ስሌቶች በ3/4 ፈንታ ከ1 የሚበልጥ ቁጥር ስለሚሰጡ፣ የማክስዌልን ቁጥር እንደ መነሻ ብቻ ይያዙት።

ስለ ሸክላው ከመፍረድዎ በፊት የቀዳዳውን ስፋት ይወቁ። አንድ የአየር ሞለኪውል ከሌላው ጋር ሳይጋጭ የሚጓዘው አማካይ ርቀት በባሕር ወለል 0.07 ማይክሮሜትር ያህል ነው፤ ከ2,100 ሜትር ከፍታ በላይ ባለችው ጎንደር ደግሞ በመጠኑ ይረዝማል። ይህ ርቀት ለቀዳዳው ስፋት ሲካፈል የክኑድሰን ቁጥር ይባላል። ቀዳዳው 1 ማይክሮሜትር ከሆነ ቁጥሩ ከ0.1 በታች ስለሚሆን የመንሸራተቱ ሁኔታ ይበቃዎታል፤ 0.1 ማይክሮሜትር ከሆነ ግን ወደ 1 ስለሚጠጋ ናቪየር ስቶክስን ትተው የ1872ቱን የቦልትዝማን እኩልታ፣ ወይም የሞለኪውሎቹን ግጭት በቀላል የሒሳብ ሐረግ የሚተካውን የ1954ቱን የባትናጋር፣ ግሮስና ክሩክ ሞዴል መፍታት ይኖርብዎታል። ቁጥሩ ከ10 ሲያልፍ ነገሩ እንደገና ይቀላል፦ ፍሰቱ ሲቆም የግፊቶቹ ንጽጽር የሙቀት መጠኖቹ ንጽጽር ስኩዌር ሩት ይሆናልና፣ 300 እና 600 ኬልቪን ባሉ ጫፎች የሞቃቱ ጫፍ ግፊት የቀዝቃዛውን 1.41 እጥፍ ይሆናል።

እኔ ብሆን ሁለት ጫፉ የተዘጋ ቀጥ ያለ ቱቦ ወስጄ በማክስዌል ሁኔታ በእጄ እፈታው ነበር። ጋዙ በግድግዳው በኩል ወደ ሞቃቱ ሲሄድ፣ እዚያ የተጠራቀመው ግፊት በመሐል ወደ ኋላ ሲመልሰው በእኩልታው ውስጥ ያዩታል፤ ኮምፒውተርዎ የሚያወጣውንም በዚሁ ይመዝኑታል።