«እኔ ከሌለሁስ?» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

የ16 ዓመቱ ልጃቸው ኦቲዝም አለበት። የጫማ ክር ማሰር ሊያስተምሩት ሁለት ዓመት የታገሉ አባት «ምን ይሻለናል?» ይላሉ።

ክር የሌለው ጫማ ይግዙለት። የእጅ ሥራ የሚያለማምድ ቴራፒስት ካገኙ ያማክሩ፤ ካላገኙም አይጨነቁ።

አንዲት እናት ደግሞ ረጅም ደብዳቤ ልከውልኛል። ልጃቸው 19 ዓመቱ ነው፤ ብዙ አይናገርም። ዛሬም ገላውን የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው። «እኔ ከሌለሁስ?» ብለው ጨርሰዋል።

እህቴ፣ ይህ ጥያቄ የብዙ እናቶች ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ የራሳቸውን ልጅ ይዘው ነው የተነሱት። የያኔዎቹ ሕፃናት ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ እኛ ግን ገና እንደ ሕፃን እናጥባቸዋለን።

ከመጨረሻው ይጀምሩ። ሁሉንም እርስዎ ይሥሩና ፎጣውን እሱ ይስቀል። ይህን ሲለምድ ገላውን ማድረቁን ይልቀቁለት፤ ቀጥሎ መለቃለቁን። እንዲህ እያሉ ወደ ኋላ ይሂዱ። በየቀኑ ሥራውን የሚጨርሰው እሱ ይሆናል። ብዙ አያውሩ። «እሸው፣ ጨምር» ሲባል የኖረ ልጅ ካልተነገረው አይጀምርም። በእጅዎ ያሳዩትና ዝም ብለው ይጠብቁ። ውሃ በሚጠፋበት ቀን እንዳይደናገጥ በባልዲና በጣሳ መታጠብንም ያስለምዱት።

በር መዝጋትንም ያስተምሩት። ማንም ልብሱን ሲያወልቅለት የኖረ ወጣት፣ ክፉ ሰው ሲመጣበት በምን ለይቶ እምቢ ይላል? የሚጥል በሽታ ካለበት ግን በሩ አይቆለፍ፤ እርስዎም ከደጅ ሆነው ያዳምጡ።

የ12 ዓመት ልጅ ያላቸው እናት የወር አበባ ሳይመጣ ምን ላዘጋጅ ብለዋል።

ጎበዝ፣ ቀድመው አሰቡ። ከአሁኑ ሞዴስ አድርጋ ትለማመድ፤ ስሜቱ ሊረብሻት ይችላል። የውስጥ ልብሷ ላይ ሞዴሱ የሚያርፍበትን ቦታ በክር ምልክት ያድርጉላት።

የመጨረሻው ጥያቄ አስጨንቆኛል። ራሱን ችሎ ይለብስና ይበላ የነበረ የ17 ዓመት ልጅ ሁለት ወር ሆነው፣ ሲለብስም ሲበላም መሃል ላይ ቆሞ ይቀራል። ጎረቤት «ሰነፈ» ይላል።

አልሰነፈም። በዚህ ዕድሜ የሚጥል በሽታ ሊጀምር ይችላል። ድብርት ሊሆን ይችላል። ካታቶኒያ የሚባል፣ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ሕመምም አለ፤ ይታከማል። ሲቆም በስልክዎ ቪዲዮ ይቅረጹትና በዚህ ሳምንት የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ጠበሉን አልከለክልም፤ ሐኪሙ ግን አይቅር። መብላትና መጠጣት ካቆመ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይዘውት ይሂዱ።