ጎልፍ ተጫውተው ለማያውቁ የፑቲንግ ሜዳ እንግዶች፦ ጥያቄና መልስ

ለእረፍት በሄዱበት ስፍራ የፑቲንግ ሜዳ ያጋጠማቸው፣ ነገር ግን ጎልፍ ተጫውተው የማያውቁ አንባቢያን ጥያቄዎቻቸውን ልከውልኛል። ተቀራራቢ የሆኑትን በአንድነት አድርጌ ከዚህ በታች መልሻለሁ። ስለ ርቀት የቀረበውን ጥያቄ ከሌሎቹ ሰፋ አድርጌ የመለስኩት ጀማሪን የሚያስደስተውም ሆነ የሚያስመርረው ዋናው ነገር እርሱ ነው ብዬ ስለማምን ነው።

ጥያቄ፦ ከቤተሰቤ ጋር በምናርፍበት ሆቴል የፑቲንግ ሜዳ እንዳለ ተነግሮናል። ከመካከላችን የጎልፍ ዱላ ጨብጦ የሚያውቅ የለም። ይህ ሜዳ ልጆች ከሚጫወቱበት ሚኒ ጎልፍ በምን ይለያል? ብንገባስ የሌሎችን ጨዋታ እናበላሽ ይሆን?

መልስ፦ በፑቲንግ ሜዳ ኳሷ ወደ አየር አትነሳም፤ ከመነሻዋ እስከ ጉድጓዱ ድረስ በሳር ላይ እየተንከባለለች ትሄዳለች። ሙሉ ጎልፍ የሚጫወት ሰው ይህንን የሚያደርገው ኳሱን ከሩቅ መትቶ ወደ ጉድጓዱ ካቀረበ በኋላ ሲሆን፣ በፑቲንግ ሜዳ ግን ጨዋታው በሙሉ ይኸው ነው። ሚኒ ጎልፍ አብዛኛውን ጊዜ በሰው ሠራሽ ምንጣፍ ላይ፣ በግንብና በመሰናክል ተከልሎ የሚካሄድ በመሆኑ ከመስመር የወጣችን ኳስ ግንቡ መልሶ ወደ ጉድጓዱ ሊያቀርባት ይችላል። እዚህ ግን የሚመልስ ነገር የለም። ያለው በጣም ዝቅ ተደርጎ የታጨደ ሳር፣ ጉብታና ስርጉድ፣ እንዲሁም የመሬቱ ተዳፋት ብቻ ነው።

ለእንግዶች ክፍት የተደረገ ሜዳ ላይ መግባት የማንንም ጨዋታ አያበላሽም፤ ሜዳው የተዘጋጀውም እንደ እናንተ ላሉ ሰዎች ጭምር ነው። መጠየቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሜዳው ለጨዋታ የተሠራ ነው ወይስ ጎልፍ ተጫዋቾች ከውድድራቸው በፊት የሚለማመዱበት ነው? ሁለተኛው ከሆነ ጉድጓዶቹ ተራ ቁጥር ላይኖራቸው ይችላል፤ በተጨናነቀ ሰዓትም ለሚለማመዱት ቅድሚያ መስጠት ተገቢ ነው።

ስለ ችሎታችሁም አትጨነቁ። በዓለም ላይ ያሉ ምርጥ ባለሙያዎች እንኳ ከ2 ሜትር ተኩል ገደማ ርቀት የሚያስገቡት ከሞከሩት ግማሽ ያህሉን ነው። ጀማሪ ከዚያ ርቀት ቢስት ምንም የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ጥያቄ፦ የራሳችን ዱላና ልዩ ጫማ ያስፈልገናል?

መልስ፦ አያስፈልጋችሁም። አብዛኛውን ጊዜ ፑተር የሚባለውን አጭር ዱላና ኳሱን ሜዳው ራሱ ያውሳል ወይም ያከራያል። ሶሉ ጠፍጣፋ የሆነ ጫማ አድርጉ፤ ሹል ተረከዝ ያለው ጫማ ሳሩን ስለሚበሳ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ኳስ በዚያ ቀዳዳ ላይ ትዘልላለች። ዱላ ስትመርጡ ደግሞ ጎንበስ ብላችሁ ስትቆሙ ዓይናችሁ በኳሷ አናት ላይ ወይም ከእርሷ ትንሽ ወደ ውስጥ እንዲያርፍ የሚያስችላችሁን ርዝመት ፈልጉ። ለልጅ የአዋቂ ዱላ ከመስጠት ይልቅ የልጅ ዱላ መጠየቅ ይሻላል፤ ረጅም ዱላ የያዘ ልጅ የእጀታው ጫፍ ሆዱ ላይ እየተደገፈበት በነፃነት ማወዛወዝ ይቸግረዋል።

ጥያቄ፦ ባለፈው እረፍታችን ሞክሬ ነበር። አንዴ ኳሷ ግማሽ መንገድ ላይ ትቀራለች፣ ቀጥሎ ጠንከር አድርጌ ስመታት ጉድጓዱን አልፋ ከሳሩ ትወጣለች። አቅጣጫውን ግን እምብዛም አልስትም ነበር። ጥፋቴ ምን ላይ ነው?

መልስ፦ ጀማሪ ሁሉ የሚቸገርበትን ነገር ነው የጠየቁኝ። አዲስ ተጫዋች ጊዜውን የሚያጠፋው ኳሷን ወደ ጉድጓዱ ትይዩ በማድረግ ነው፤ ነገር ግን በረጅም ርቀት ላይ አቅጣጫ ሲሳት ኳሷ ብዙውን ጊዜ በአንድ ክንድ ያህል ብቻ ትርቃለች፤ ርቀት ሲሳት ግን ሦስትና አራት ሜትር ልታጥር ወይም ልታልፍ ትችላለች። ስለዚህ አስቀድሞ መወሰን ያለበት ኳሷ ምን ያህል ትሂድ የሚለው ነው።

ችግሩን የሚያከብደው የሳሩ ፍጥነት ከሜዳ ሜዳ የሚለያይ መሆኑ ነው። ኤድዋርድ ስቲምፕሰን የተባለ አሜሪካዊ የጎልፍ ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1935 ይህንን ለመለካት የሚያስችል ቀላል መሣሪያ ሠርቷል፤ ቦይ ያለው ዘንግ ሲሆን ኳስ በላዩ ላይ ተቀምጣ አንዱ ጫፍ ቀስ እየተባለ ወደ ላይ ሲነሳ ኳሷ በራሷ ተንከባልላ ወርዳ ሳሩ ላይ ምን ያህል እንደሄደች ይለካል። ስቲምፕሜትር በተባለው በዚህ መሣሪያ ሲለካ፣ በዝግተኛ ሳር ላይ 2 ሜትር ገደማ የምትሄድ ኳስ በፈጣን ሳር ላይ ከ3 ሜትር ተኩል በላይ ትሄዳለች። እርስዎ በአንድ ሆቴል የለመዱት አመታት በሌላ ሆቴል የማይሠራበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ባለሙያዎችም ወደ አዲስ ሜዳ ሲሄዱ አስቀድመው የሚለማመዱት ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ምት እየቆጠሩ መጫወት ከመጀመርዎ በፊት ሦስት ኳሶች ይውሰዱና ጉድጓድ በሌለበት በኩል ይቁሙ። የሳሩን ማዶ ጠርዝ ዓይተው ኳሷ ከጠርዙ ሳታልፍ እንድትቆም አድርገው ይምቷት። ሁለተኛዋን ከመጀመሪያዋ ትንሽ አስጠግተው፣ ሦስተኛዋን ደግሞ ይበልጥ አስጠግተው ለማቆም ይሞክሩ። ጉድጓድ ስለሌለ ማስገባት አለማስገባት የሚባል ጭንቀት አይኖርም፤ እጅዎ ሳሩን ብቻ ይማራል። ለዚህች አሥር ደቂቃ የሰጡ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ተደስተው ሲጫወቱ ስላየሁ ይህንን ምክር አጥብቄ እሰጣለሁ።

ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ኳሷ አጠገብ ቆመው፣ ዓይንዎን ከጉድጓዱ ሳይነቅሉ ዱላውን በባዶው ሁለት ጊዜ ያወዛውዙ። ከፊት ለፊትዎ ለቆመ ሕፃን ኳስ ሲወረውሩለት ክንድዎን ምን ያህል ወደ ኋላ መውሰድ እንዳለብዎ አያሰሉም፤ ዓይንዎ ሕፃኑን ስላየ ክንድዎ ራሱ ያውቃል። እዚህም እንደዚያው ነው። ዱላውን ጠበቅ አድርገው አይጨብጡት፤ አንጓዎ እንዳይታጠፍ አድርገው ከትከሻዎ ያወዛውዙት። ርቀት ሲጨምር ዱላውን ወደ ኋላ የሚወስዱበትን መጠን ያስረዝሙ እንጂ ድንገት በኃይል አይምቱ፤ ኳሷን ከሳር የሚያስወጣት ያ ድንገተኛ ኃይል ነው።

ጉድጓዱ 108 ሚሊ ሜትር፣ ኳሷ ደግሞ 43 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ስላላቸው፣ ቦታው ሁለት ኳሶች ጎን ለጎን ሆነው ሊያልፉበት የሚችል ነው። ነገር ግን ይህ ስፋት ሙሉ በሙሉ የሚያገለግለው ቀስ ብላ ለምትደርስ ኳስ ነው። ኳሷ በፈጠነች መጠን የሚቀበላት የጉድጓዱ ክፍል ወደ መሃሉ ብቻ እየጠበበ ይሄዳል፤ በሰከንድ ከ1.6 ሜትር ገደማ በላይ እየሮጠች ከመጣች ደግሞ በትክክል መሃሉን ብታገኝም በላዩ አልፋ ትሄዳለች። ስለዚህ ከሩቅ ሲመቱ ጉድጓዱን ሳይሆን በዙሪያው አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ክብ ዒላማ ያድርጉ፤ በዚያ ክብ ውስጥ የቆመችን ኳስ በሁለተኛው ምት ለማስገባት ሰፊ ዕድል አለዎት።

ስለ ተዳፋት አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ኳሷ በፍጥነት በምትሄድበት የመጀመሪያ ክፍል ተዳፋቱ ብዙም አይገፋትም፤ ጉድጓዱ አጠገብ ስትደርስና ስትዝል ግን ወደ ዝቅተኛው ጎን ትታጠፋለች። የመጨረሻው ሁለት ሜትር ወደየት እንደሚያዘነብል በደንብ ይመልከቱ፤ ዝቅ ካለው ጎን ሆነው ሲያዩት ይበልጥ ይታያል። ወደ ላይ ሲመቱ ጉድጓዱ ካለበት ትንሽ እንደራቀ፣ ወደ ታች ሲመቱ ደግሞ እንደቀረበ ይቁጠሩት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ለብዙ ዓመት ጎልፍ የተጫወተ ሰው ነው። አብረን ስንገባ በእያንዳንዱ ምት ላይ አስተያየት ይሰጠኛል፣ ነጥቤንም ይቆጥራል። እርሱ እንደሚያሸንፍ እያወቅሁ መጫወቱ ደስ አላለኝም።

መልስ፦ ለባለቤትዎ የጎልፍን ሕግ በአክብሮት ያስታውሱላቸው። በውድድር ወቅት በሜዳው ላይ ለሚወዳደር ሌላ ተጫዋች እንዴት መምታት እንዳለበት ምክር መስጠት በሕጉ የተከለከለ ነው። የርቀት መጠንን የመሰለ ግልጽ መረጃ መንገር ይፈቀዳል፤ የአመታት ምክር ግን ቅጣት ያስከትላል። ለጀማሪ በየምቱ የሚነገር ምክር ትኩረትን ከጉድጓዱ ወስዶ ወደ እጅና እግር ስለሚያዞር ይበልጥ ያስቸግራል እንጂ አይጠቅምም። ምክራቸውን ከመጀመራችሁ በፊት በልምምዱ ሰዓት ይስጡዎት፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁለታችሁም ተወዳዳሪዎች ናችሁ።

ነጥብ አቆጣጠሩንም ለውጡት። ጠቅላላ ምቶችን ከመደመር ይልቅ እያንዳንዱን ጉድጓድ እንደ ራሱን የቻለ ውድድር ቁጠሩት፤ ባነሰ ምት ያስገባ ያንን ጉድጓድ ያሸንፋል፣ እኩል ከሆናችሁ ለማንም አይቆጠርም። በዚህ አቆጣጠር አንድ ጉድጓድ ላይ ሰባት ጊዜ ቢመቱ የሚያጡት ያንን አንድ ጉድጓድ ብቻ ነው። የችሎታ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ረጅም በሆኑት ጉድጓዶች ላይ አንድ ምት ይቀነስልዎት፤ እንዲህ ያለው ማካካሻ በጎልፍ ውስጥ የቆየና የተከበረ አሠራር እንጂ ምጽዋት አይደለም።

ጥያቄ፦ በሁለት ኳሶች መካከል አቋርጬ ስሄድ አንድ ሰው ተቆጣኝ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ የረገጡት የእርሱ ኳስ የምትሄድበትን መስመር ሳይሆን አይቀርም። በአጭር ሳር ላይ የጫማ አሻራ ኳሷን ሊያዛንፍ ስለሚችል፣ ከሰው ኳስ ጀርባ ዞሮ ማለፍ ወይም መስመሩን ተራምዶ መሻገር የተለመደ ነው። ሰውዬው ግን እንግዳ መሆንዎን አይቶ በትህትና ሊነግርዎት ይገባ ነበር። ሌሎቹ ልማዶችም ጥቂት ናቸው፦ ከጉድጓዱ ይበልጥ የራቀው ቀድሞ ይመታል፤ ኳስዎ የሌላውን መንገድ ከዘጋች ከኋላዋ ሳንቲም አስቀምጠው ያነሷታል፣ ተራዎ ሲደርስ እዚያው ይመልሷታል፤ ሰው ሊመታ ሲል ጥላዎ መስመሩ ላይ እንዳያርፍ ገለል ይላሉ። በጉድጓዱ ውስጥ የባንዲራ ዘንግ ካለ መንቀል ግዴታ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የጎልፍ ሕግ እንደተተከለ እንዲቆይ ይፈቅዳል።

ጥያቄ፦ እውነተኛ ጎልፍ ተጫዋቾች የፑቲንግ ሜዳን እንደ ልጆች መዝናኛ ያዩታል ይባላል። በዓለም ላይ ሊታይ የሚገባው የፑቲንግ ሜዳ አለ?

መልስ፦ አለ፤ እንዲያውም የጎልፍ መናገሻ በሆነችው በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ ከተማ፣ ኦልድ ኮርስ ከተባለው ታዋቂ ሜዳ አጠገብ ይገኛል። ጉብታዎቹ ከመብዛታቸው የተነሳ ሂማላያስ ተብሎ የሚጠራው ይህ ሜዳ የሴንት አንድሩስ የሴቶች ፑቲንግ ክለብ መጫወቻ ነው፤ ክለቡ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1867 ሲሆን ሜዳውን የነደፈው የዘመኑ ታላቅ የጎልፍ ሰው ኦልድ ቶም ሞሪስ ነው። በዚያ ዘመን ሴት ዱላዋን ከትከሻዋ በላይ ማንሳቷ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር ሙሉው ጨዋታ ለሴቶች አልተከፈተላቸውም ነበር። እነርሱ ግን በተፈቀደላቸው ጠባብ ቦታ ላይ እስከ ዛሬ የዘለቀ ክለብ አቋቋሙ። ዛሬ ማንኛውም መንገደኛ ሜዳው ለሕዝብ ክፍት በሚሆንበት ወቅት ገብቶ ሊጫወትበት ይችላል፤ ፑቲንግን የልጆች መዝናኛ ብቻ ነው ለሚሉ ሰዎች ይህንን ታሪክ እነግራቸዋለሁ።

በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ባንደን ዱንስ የተባለው የጎልፍ መዝናኛ፣ ቶም ዶክና ጂም ኡርቢና የነደፉትን ፓንችቦውል የሚባል ሰፊ የፑቲንግ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ2014 ከፍቷል። በሰሜን ካሮላይና የሚገኘው ፓይንኸርስትም ትስል ዱ የተሰኘ ባለ 18 ጉድጓድ የፑቲንግ ሜዳ አለው።

ጥያቄ፦ እናቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ይዣቸው ብገባ ይከብዳቸው ይሆን? ከቀኑስ የትኛው ሰዓት ይሻላል?

መልስ፦ ይዘዋቸው ይግቡ። ምቱ ኃይል አይጠይቅም፤ የሚያስቸግራቸው ኳሷን ከጉድጓድ ለማውጣት ማጎንበሱ ነው፤ ያንን እርስዎ ያድርጉላቸው፣ ወይም በዱላው እጀታ ጫፍ ላይ የሚገጠመውንና ኳሷን መጥጦ የሚያነሳውን ትንሽ የጎማ መምጠጫ ይጠይቁላቸው። ጉብታ የበዛበት ሜዳ ከሆነ ለጥ ባሉት ጉድጓዶች ላይ ብቻ ቢጫወቱ ምንም አይጎድልባቸውም።

ሰዓቱን በተመለከተ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ያለውን ጊዜ እመርጣለሁ፤ ጥላው ጉብታና ስርጉዱን አጉልቶ ስለሚያሳይ ለጀማሪ ተዳፋቱን ማንበብ ይቀለዋል። በማለዳ ከገባችሁ ግን ሳሩ ላይ ጤዛ ይኖራል፤ ኳሷ ከኋላዋ እርጥብ መስመር እያሰመረች ቶሎ ስለምትቆም ከወትሮው ትንሽ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ፤ ያ መስመርም ኳሷ የት ላይ እንደታጠፈች ስለሚያሳያችሁ ለቀጣዩ ምት ተጠቀሙበት።