ሻፍቱ ለምን እዚያው ቦታ ይሰበራል?

ለወጣት መካኒኮችና መሐንዲሶች፣

የፓምፕ ሻፍት (የሚሽከረከረው ዘንግ) ሲሰበር ብዙ ጊዜ ትልቁ ጥፋት የሚፈጸመው ከስብራቱ በኋላ ነው። ሁለቱን ቁራጮች ገጥሞ ማየትና የስብራቱን ገጽ በሽቦ ብሩሽ መፈተግ ማስረጃውን ያጠፋሉ። እጃችሁን ሰብስቡ። ማስመሪያ አጠገቡ አኑራችሁ ፎቶ አንሱ፤ እርጥበት እንዳይነካው ጠቅልላችሁ አስቀምጡት።

ቀጥሎ ገጹን አንብቡ። በድካም፣ ማለትም ጭነት እየተመላለሰበት ቀስ በቀስ ተሰንጥቆ የተሰበረ ብረት፣ ውሃው የሸሸ ሐይቅ ዳርቻው ላይ እንደሚተወው ያለ ቅስት መስመር ይታይበታል። ቅስቶቹ እየጠበቡ የሚሄዱበትን አቅጣጫ ተከተሉ፤ ስንጥቁ የተነሳው ከዚያ ነው። በመጨረሻ በአንዴ የተገነጠለው ሸካራ ክፍል ትንሽ ከሆነ፣ ሻፍቱ ሲሰበር የተሸከመው ጭነት ቀላል ነበር። ስለዚህ «ጭነት በዝቶበት ነው» የሚለውን የተለመደ ሪፖርት ለመጻፍ አትቸኩሉ።

መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ውፍረቱ የሚቀየርበት ትከሻ ነው። ከ72 ወደ 60 ሚሊሜትር የሚቀጥን ሻፍት የጥጉ ራዲየስ (የጥጉ ክብነት መጠን) 1 ሚሊሜትር ከሆነ፣ ሲታጠፍ እዚያ ጥግ ላይ ብረቱ ውስጥ ያለው ውጥረት ጥጉ ባይኖር ከሚኖረው ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ራዲየሱ 6 ሚሊሜትር ቢሆን ወደ 1.6 እጥፍ ይወርዳል። ታዲያ ነዳፊው ራዲየሱን ለምን አጠበበው? ኩሽኔታው ከትከሻው ጋር በደንብ እንዲገጥም ነው፤ ሰውየው አላዋቂ አልነበረም። መፍትሔው ራዲየሱን አስፍቶ በኩሽኔታውና በትከሻው መካከል ጠርዙ የተቆረጠ ቀለበት ማስገባት ነው።

ንድፉን ከመክሰሳችሁ በፊት ግን ሥዕሉንና ዕቃውን አስተያዩ። ሥዕሉ 3 ሚሊሜትር ብሎ ዕቃው ላይ 1 ከተገኘ፣ ጥያቄው ለቶርኖ ቤቱ ነው። ዕቃው ከሥዕሉ ጋር ገጥሞ፣ ሌሎቹ ተመሳሳይ ማሽኖችም እዚያው ትከሻ ላይ ከተሰነጠቁ ጣታችሁ ወደ ንድፉ ይዙር። የቺንጋውን ውጥረትም ለኩ። ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጋ ሻፍቱን በእያንዳንዱ ዙር ያጥፈዋል፤ በደቂቃ 1,450 ዙር የሚዞር ማሽን ደግሞ በአንድ ቀን ከ2 ሚሊዮን ዙር በላይ ይሠራል።

«ጠንከር ያለ ብረት እንጠቀም» የሚላችሁ አይጠፋም። ጠንካራ ብረት ለስለታም ጥግ ይበልጥ ስሱ ስለሆነ፣ ጥጉ ካልተስተካከለ የተጠበቀውን ያህል አይጠቅምም። የተሰበረውን መበየድ የባሰ ነው፤ በሙቀቱ ባሕርዩ የተለወጠው ብረት ለአዲስ ስንጥቅ መነሻ ይሆናል።

ንድፉ ሲታረም ሥዕሉ አዲስ ቁጥር ይሰጠው፤ መጋዘን ያሉት አሮጌዎቹ መለዋወጫ ሻፍቶችም በዚያው ቀን ይውጡ። አለበለዚያ በሌሊት ፈረቃ ማሽን ሲቆም የሚገጠሙት እነሱ ናቸው።