0.6 ቮልት እያለ አምፖሏ ለምን አትበራም?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከተማሪዎቼ ጋር በፍሳሽ ውስጥ ባሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ኤሌክትሪክ ለማመንጨት እየሞከርን ነው። ሁለት የፕላስቲክ ጆግ አዘጋጅተን በአንዱ ከትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ጉድጓድ የተቀዳ ፍሳሽ፣ በሌላው ንጹሕ ውሃ አደረግን። መካከላቸውን በጨው ውሃ በተነከረ የጥጥ ገመድ አገናኘን። ከባትሪ ድንጋይ ያወጣናቸውን ካርቦኖች የመዳብ ሽቦ ጠምጥመንባቸው ነከርን። ቴስተሩ 0.6 ቮልት ያሳያል፤ ቀይዋ ኤልኢዲ ግን አትበራም። እዚያው ጆጎች ውስጥ አራት ጥንድ ካርቦን ከተን በሲሪስ ብናገናኝም ቮልቱ አልጨመረም። ምን እናድርግ?

መልስ፦ መምህር፣ ሥራችሁ አልከሸፈም። 0.6 ቮልት ለዚህ ዓይነቱ ሴል ደህና ቁጥር ነው። በቤተ ሙከራ በጥንቃቄ የተሠራውም ቢሆን ጭነት ሳይኖርበት ብዙውን ጊዜ ከ0.8 ቮልት አይዘልም። ቀይ ኤልኢዲ ደግሞ ወደ 1.8 ቮልት ትፈልጋለች። ስለዚህ አንድ ሴል ብቻውን በቀጥታ አያበራትም። ከቮልቱ በላይ ግን የከረንቱ ነገር ያሳስበኛል።

እኔ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ይህን የመሰለ ችግር ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምለካው ውስጣዊ ተቃውሞን ነው፤ ይኸውም ሴሉ ራሱ ከረንቱን ምን ያህል እንደሚያግድ ማለት ነው። ዲጂታል ቴስተር ራሱ ከረንት አይወስድም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የደከመ ሴልም ጥሩ ቮልት ያሳየዋል። አንድ 1,000 ኦም ሬዚስተር ፈልጉ፤ ቀለሙ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቀይ ነው። በሁለቱ ካርቦኖች መካከል አገናኙትና ቁጥሩ እስኪረጋጋ ጠብቃችሁ ቮልቱን አንብቡ። ለምሳሌ ከ0.6 ወደ 0.03 ከወረደ፣ የሚፈሰው 30 ማይክሮአምፔር ብቻ ነው። የሴሉ ውስጣዊ ተቃውሞም 19,000 ኦም ነው ማለት ነው። የተሞላ የውሃ ታንከር በመርፌ ቀዳዳ እንደሚቀዳ አስቡት። ከእንዲህ ያለ ሴል ቢበዛ የሚገኘው ኃይል ከ5 ማይክሮዋት አያልፍም፤ ኤልኢዲ ግን ደብዘዝ ብላ እንኳ እንድትበራ ወደ 2 ሚሊዋት ትፈልጋለች። ልዩነቱ 400 እጥፍ ገደማ ነው።

ዋናው ተጠርጣሪ ገመዱ ነው። በአሜሪካ ፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በጨው ድልድይ (የእናንተ ገመድ ዓይነት ማገናኛ) የተሠራ ሴልንና በሜምብሬን፣ ማለትም ion በሚያሳልፍ ስስ ሽፋን፣ የተሠራውን አወዳድሮ ነበር። የጨው ድልድዩ ውስጣዊ ተቃውሞ ወደ 20,000 ኦም፣ የሜምብሬኑ ወደ 1,300 ኦም ሆኖ ተገኘ። ሜምብሬን በቀላሉ አይገኝም፣ ዋጋውም ውድ ነው። ሸክላ ግን አለ! እንግሊዝ ብሪስቶል ያሉት ተመራማሪዎች ከሽንት ኤሌክትሪክ ሲያመነጩ የሚጠቀሙት ሸክላ ነው። ኡጋንዳ ኪሶሮ ውስጥም በ2017 እ.ኤ.አ. የአንድ ሴቶች ትምህርት ቤት ሽንት ቤት በዚህ ዘዴ መብራት አግኝቷል።

ገበያ ሄዳችሁ ትንሽ ማሰሮ ግዙ፤ ያልተሟሸ መሆን አለበት። ሸክላ ሲሟሽ ዘይቱ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ እኛ ደግሞ የምንፈልገው ያንኑ ቀዳዳ ነው። ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩት። ጠዋት ውጪው እርጥብ ከሆነ፣ ሳያፈስ ካላበው፣ እሱ ነው ማሰሮው። ፍሳሹን ከነካርቦኑ ውስጡ አድርጉና አፉን በደንብ ግጠሙት። ማሰሮውን ትንሽ ጨው ያለበት ውሃ በያዘ ሰፊ ሳህን ውስጥ አስቀምጡት። የውጪዎቹን ካርቦኖች ዙሪያውን አቁሟቸው፤ ግማሻቸው ከውሃው በላይ ይሁን፤ አየር ያስፈልጋቸዋል።

ውስጠኛው ካርቦን ግን አየር ማግኘት የለበትም። ፍሳሹን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ኤሌክትሮን ማራገፊያ ይፈልጋሉ። ኦክስጅን ካገኙ ለእሱ ይሰጡና ካርቦናችሁ ባዶውን ይቀራል። ኦክስጅን በሌለበት ነው እንደ ጂኦባክተር ያሉት በካርቦኑ ላይ ተለጥፈው ኤሌክትሮኑን ለእሱ የሚያስረክቡት። እናም ክዳኑን እየከፈታችሁ አታማስሉ። በረኪና የተደፋበት ፍሳሽ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም፤ በረኪናው ሠራተኞቻችሁን፣ ባክቴሪያዎቹን፣ ይፈጃቸዋል ማለት ነው።

ካርቦኖቹን እንደገና አውጥታችሁ እዩ። የአንድ ትልቅ ባትሪ ድንጋይ ካርቦን ስፋቱ ወደ 14 ካሬ ሳንቲሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ አሥር ያህሉን አንድ ላይ እሰሩ። ላዩ ላይ የቀረውን ጥቁር ዱቄት ፈግፍጋችሁ አስለቅቁ። እሱ ራሱ የባትሪው አካል ስለሆነ የሐሰት ቮልት ይሰጣል። ካርቦኑ ብዙ ጊዜ ሰም የጠጣ ነው፤ ውሃ ውስጥ በደንብ ቀቅሉት። የቤት ከሰል በቦታው ልተካ ካሉ፣ መጀመሪያ በቴስተር ይለኩት፤ አብዛኛው በቂ ሙቀት ስላላገኘ ከረንት አያሳልፍም።

መዳቡ ላይ አረንጓዴ ዝገት ካያችሁ ፍሳሹ ነክቶታል ማለት ነው። መዳብ ሲበላ ቮልት ይሰጣል፤ ባክቴሪያዎቹንም ይመርዛል። መገናኛው ሁልጊዜ ከውሃው በላይ ይሁን። የምታነቡት ቮልት የባክቴሪያ መሆኑን ለማረጋገጥ ሁለተኛ ማሰሮ አዘጋጁ፤ ሁሉ ነገሩ ያው ሆኖ ፍሳሹ ተፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያም ተመሳሳይ ኃይል ከሰጠ፣ የምትለኩት የብረት መበላትን ነው።

አሁን 1,000 ኦሙን ሬዚስተር አገናኝታችሁ አንድ ሁለት ሳምንት ተዉት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። ሽቦው ተነጥሎ ከቆየ ኤሌክትሮኑ መሄጃ ስለሌለው በካርቦኑ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች አይበዙም። በየቀኑ አንድ ጊዜ ቮልቱን መዝግቡ። ሲወርድ ምግብ አልቋል። በሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ውሰዱና በቤኪንግ ሶዳ አረፋው እስኪያቆም አለዝባችሁ ጨምሩ፤ ባክቴሪያዎቹ ከዚህ የሚገኘውን አሲቴት ይወዳሉ።

ሲሪሱ ለምን እምቢ እንዳለ ልንገርዎ። አራቱ ጥንዶች አንድ ፈሳሽ ውስጥ ናቸው፤ ፈሳሹ ራሱ እርስ በርስ ያገናኛቸዋል። አራት ለየብቻ የተቀመጡ ማሰሮዎች ያስፈልጋሉ። ያኔም ደካማው ሴል በሌሎቹ ተገፍቶ ዋልታው ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ ለእናንተ የምመርጠው ካፓሲተር፣ ማለትም ቻርጅ አጠራቅሞ በአንዴ የሚለቅ ዕቃ፣ ነው። ከተበላሹ አምፕሊፋየሮችና ፓወር ሰፕላዮች አምስት ባለ 4,700 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ንቀሉ። በፓራለል ከአንዱ ሴል ሙሏቸው። 0.5 ቮልት ሲደርሱ ነቅላችሁ በሲሪስ አገናኟቸው። 2.5 ቮልት ሆነ! ቀይዋ ኤልኢዲ ለአንድ ሦስተኛ ሰከንድ ያህል ብልጭ ትላለች። ውስጣዊ ተቃውሞው ወደ 1,000 ኦም ከወረደላችሁ ካፓሲተሮቹ በአንድ ደቂቃ ገደማ ይሞላሉ። አሁን ባለው ገመድ ግን ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ተማሪዎቹ ልዩነቱን ሰዓት ይዘው ይለኩት፤ ለኤግዚቢሽን ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

እኛ ጣቢያ ለፍሳሹ አየር የሚነፉት ማሽኖች የኤሌክትሪክ ፍጆታውን ትልቁን ድርሻ ይወስዳሉ። አየር ሳይነፉ ፍሳሽ የሚያጠሩና ጥቂትም ቢሆን ኃይል የሚመልሱ ባክቴሪያዎች ቁም ነገር የሚሆኑት ለዚህ ነው። ልጆቹ ይህንን ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ግን አደራ። የሽንት ቤቱን ፍሳሽ ልጆች አይንኩት፤ የታይፎይድና የተቅማጥ በሽታ ምንጭ ነው። በምትኩ ከካፌ የወጣ፣ በረኪና ያልነካው የእቃ እጣቢ ይውሰዱ። ከሐይቁ ዳር በጓንት የተዛቀ ጥቁር ጭቃ ትንሽ ጨምሩበት፤ ባክቴሪያዎቹ እዚያ ውስጥ አሉ። ከዚያ ሬዚስተሩ ላይ የምታነቡትን የሁለት ሳምንት ቁጥር ላኩልኝ፤ አብረን እናየዋለን።