ነጩ ቀሚስ ለምን ግራጫ ይወጣል?

ጥያቄው የመጣው ከኮዬ ፈጬ ነው። ጠያቂዋ በጋራ መኖሪያ ቤት 4ኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ ከሽሮ ሜዳ እያመጣች የሐበሻ ልብስ በቴሌግራም ትሸጣለች። እንዲህ ትላለች፦ «ጋሼ፣ ነጩን ቀሚስ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ሳነሳው ያደፈ ይመስላል። እህቴን አልብሼ በረንዳ ላይ ሳቆማት ደግሞ ፊቷ ይጠቁራል፤ ፊቷን በማስተካከያ ሳበራው ጥለቱ ይጠፋል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንዲት ደንበኛ ‹ቀይ ነው ብዬ የገዛሁት ወይን ጠጅ ሆኖ መጣ› ብላ መለሰችብኝ። ሌላ ስልክ ልግዛ?»

አትግዢ፣ እህቴ። ገንዘቡን ለሚቀጥለው ቀሚስ አቆዪው። እኔ አቃቂ ላይ ፎቶ ቤት ከከፈትኩ ብዙ ዘመኔ ነው፤ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣ ሰው ነጠላ ከለበሰ ዛሬም ቆም ብዬ አስባለሁ። ነጭ ሸማና ጠይም ፊት በአንድ ፎቶ ውስጥ ማስማማት ከሥራችን ሁሉ ከባዱ ነው። አንቺ ደግሞ በየቀኑ የምትሠሪው ይህንኑ ነው።

ከግራጫው እንጀምር። ስልክሽ ቀሚሱ ነጭ መሆኑን አያውቅም። ካሜራ ሲሠራ ጀምሮ የተሰጠው ግምት አለ፤ ከፊቱ ያለው ነገር ሁሉ ተደምሮ ሲካፈል መካከለኛ ግራጫ ይሆናል የሚል። በእኛ ሙያ 18 በመቶ ግራጫ እንለዋለን፤ ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ ማለት ነው። ሣር፣ አፈርና ሰው በተቀላቀለበት ፎቶ ላይ ግምቱ ይሠራል። ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሸማ ሲደቀንበት ግን ብርሃን የበዛበት ይመስለውና ይቀንሳል፤ ነጩም አመድ መስሎ ይቀራል። አዳዲሶቹ ስልኮች ብዙ ብልሃት ተጨምሮባቸዋል፤ ያም ሆኖ በነጭ ልብስ ይታለላሉ።

ስለዚህ አንቺ ንገሪው። በስክሪኑ ላይ ቀሚሱን ተጭነሽ ለአፍታ ቆዪ። በአብዛኞቹ ስልኮች ላይ ትኩረቱና የብርሃን መጠኑ ይቆለፋል፤ አጠገቡም ትንሽ የፀሐይ ምልክት ትወጣለች። ምልክቷን ቀስ አድርገሽ ወደ ላይ ሳቢያት። ሸማው ይነጣል። ዓይንሽን ከጨርቁ ላይ አታንሺ፤ ድሩና ማጉ እየታየሽ እስካለ ድረስ ደህና ነሽ። ሽመናው ጠፍቶ ቀሚሱ የኖራ ግድግዳ ከመሰለ አልፈሻልና ትንሽ መልሺ። ከጠቆረ ፎቶ ውስጥ ዝርዝሩን በኋላ ማውጣት ይቻላል። ነጥቶ ከተቃጠለው ግን ምንም አይወጣም፤ እዚያ ቦታ ላይ የተመዘገበ ነገር የለምና። የእህትሽን ፊት ስታበሪ ጥለቱ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለፊቷ የጨመርሽው ብርሃን ቀድሞውንም ጫፍ ላይ የነበረውን ሸማ ገፍቶ ይጥለዋል።

የፊቷ ነገር ጥፋቱ የበረንዳው ነው። ከጀርባዋ ሰማይ አለ፤ ስልኩ ለሰማዩ ሲያስተካክል እሷ ጥላ ትሆናለች። እሷን ወደ ቤት አስገቢያት፤ በሩ አጠገብ ፊቷን ወደ ውጭ አድርጋ ትቁም። አንቺ በረንዳው ላይ ሆነሽ አንሺ። (ፎቶው ሙሉ እንዲሆን ብለሽ ወደ ኋላ እንዳትሄጂ፤ 4ኛ ፎቅ ነው።) ብርሃኑ በረንዳው ላይ አርፎ ለስልሶ ይደርሳታል፤ ከኋላዋ ያለው ክፍልም ጨለም ስለሚል ሸማው ጎልቶ ይወጣል። በመስኮት በኩል ከሆነ ደግሞ አንድ እርምጃ ያህል ቀርባ ጎኗን ትስጥ፤ በጨለመው ወገን በኩል ልጅ ካለሽ ሌላ ነጭ ነጠላ ወጥሮ ይያዝ። ነጠላው ከመስኮቱ የመጣውን ብርሃን ወደ ጉንጯ ይመልሰዋል። ሞክሪው፤ ልጁ ነጠላውን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ከዓይኗ ሥር ያለው ጥላ ሲሳሳና ሲወፍር በዓይንሽ ታዪዋለሽ። በእኛ ቤት ለዚሁ ሥራ የተገዛ ነጭ ሰሌዳ አለ። የሚሠራው ከነጠላው የተለየ ነገር የለም።

ግድግዳሽ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ከተቀባ ከእሱ አርቂያት። ነጭ ልብስ የጎረቤቱን ቀለም ይለብሳል።

ሰዓቱንም ምረጪ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናቸው፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ ላይ የቀትር ፀሐይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆንን ደግሞ ጨረሯ ይበረታል። በዚያ ሰዓት ደጅ ያነሳሽው ሰው የዓይኑ ጉድጓድ ጠቁሮ ግንባሩ ያበራል። ጠዋት ከ2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ይሻልሻል። የክረምት ደመናን አትጥዪው፤ ከላይ የተዘረጋ ትልቅ መጋረጃ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ጥፋቱ የእህትሽ መልክ እንዳይመስልሽ። የፎቶ ፊልም አምራቹ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው የነበረው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ላይ ለብዙ ዓመታት የነጭ ሴት ምስል ነበረበት፤ «ሸርሊ» ይባል ነበር። ቀለሙ በእሷ ቆዳ እየተለካ ሲወጣ የእኛ ሰው በነጠላው ውስጥ ዓይንና ጥርስ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ጎግል በፒክስል 6 ስልኩ ላይ ለጠቆረ ቆዳ የተሻሻለ አሠራር ያመጣው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው፤ ትናንት ማለት ነው።

አሁን ወደ ወይን ጠጁ እንሂድ፤ ገንዘብ ያስመለሰብሽ እሱ ነውና። ማታ በአምፖል ነው ያነሳሽው ብዬ እገምታለሁ። ቢጫ የሚያበራ አምፖል ሰማያዊ ብርሃን በጣም ያንሰዋል። ወይን ጠጅን ከቀይ የሚለየው ደግሞ በውስጡ ያለው ያ ትንሽ ሰማያዊ ነው፤ ብርሃኑ ካልሰጠው ከየት ያመጣዋል? በዚያ ላይ ስልኩ ቀዩን ያደምቃል፤ ክሩ ተለይቶ መታየቱ ቀርቶ አንድ ወጥ ቅብ ይሆናል። ርካሽ አምፖል ከሆነ ሌላም ጣጣ አለው፤ መብራታችን 50 ኸርዝ ነው፣ ኃይሉ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው፤ በእያንዳንዱ ዙር ሁለቴ ስለሚደክም አምፖሉ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ በፎቶው ላይ አግድም የተሰመሩ ጥቁር መስመሮች ካየሽ ምንጩ እሱ ነው። ጥለት በቀን፣ በመስኮት ብርሃን፣ አምፖሉ ጠፍቶ ይነሳ። የመስኮትና የአምፖል ብርሃን አንድ ላይ ከሆኑ የቀሚሱ ግማሹ ቢጫ ግማሹ ሰማያዊ ይወጣል፤ ያንን ደግሞ በማስተካከያ ማረም በጣም ከባድ ነው።

ለማስተካከል ስናፕሲድ የሚባለው የስልክ መተግበሪያ ይበቃሻል፤ ነፃ ነው። ፎቶውን ስታነሺ ግን ከቀሚሱ ጎን አንድ ነጭ የማተሚያ ወረቀት ዳር ላይ አስገቢ። በማስተካከያው ውስጥ የነጭ ቀለም ሚዛን የሚባለውን ከፍተሽ የጠብታ ምልክቷን ወረቀቱ ላይ አሳርፊ፤ ቀለሙ ሁሉ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከዚያ ወረቀቱን ቆርጠሽ አውጪው። ሸማው ላይ አታሳርፊያት፤ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ወደ ክሬም ስለሚያደላ ጠብታዋ ንጹሕ ነጭ ላድርገው ስትል የቀረውን ታሰማያዊዋለች። ለፊቷ፣ የተመረጠ ቦታን ብቻ የሚያስተካክለውን መሣሪያ ወስደሽ ጉንጯን ንኪና ብርሃኑን በጥቂቱ ጨምሪ፤ ሸማው ሳይነካ ፊቷ ይፈካል። የቀለም ማድመቂያውን አትንኪ። ካሜራው ላይ ያለውን የቆዳ ማስዋቢያም አጥፊው፤ ቆዳ አለሰልሳለሁ ብሎ የጥበቡን ክር አብሮ ያለሰልሰዋል።

ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊ። ወጥ ቤት የዋለ ስልክ ፎቶው ሁሉ ጭጋግ ነው።

ቴሌግራም በፎቶ መልክ የላክሽውን ያሳንሰዋል። ቀሚሱን በሙሉ የሚያሳየውን እንዲያ ላኪው፤ የጥለቱን ቅርብ ፎቶ ግን በፋይል መልክ ላኪ፤ ደንበኛዋ አጉልታ ክሩን ትቁጠር። የእሷ ስክሪን ቀለም ሊያደምቅ ስለሚችል አንድ ዘዴ ልስጥሽ፤ ከጥለቱ ጎን አንድ ዛላ ደረቅ በርበሬ አስቀምጠሽ አንሺው። የበርበሬን ቀለም የማያውቅ ሰው የለም። ጥለቱ ከበርበሬው መለየቱን በማንኛውም ስልክ ላይ ታየዋለች፤ በኋላ «ቀይ መስሎኝ ነበር» የምትልበት መንገድ የለም።