«ሲባዛ በአሥር» ወይስ «በአሥር ሲባዛ»?

ጥያቄ፦ ልጄን ሒሳብ ሳስጠና 3 × 10⁸ን «ሦስት በአሥር ርቢ ስምንት ሲባዛ» ብዬ አነበብኩላት። «እንደሱ አይባልም፤ ‹ሦስት ሲባዛ በአሥር ፓወር ስምንት› ነው» አለችኝ። «ርቢ የከብት አይደል እንዴ?» ብላም ሳቀችብኝ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ እርስዎ ነዎት። ቢያንስ ልቤ የሚያደላው ለእርስዎ ነው።

አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ግድግዳውን በኖራ ቀባ» እንላለን እንጂ «ቀባ በኖራ» አንልም። ስለዚህ ደንቡ «ሦስት በአሥር ሲባዛ» ነው። «ምልክቱ መሃል ስላለ ቃሉም መሃል ይግባ» የሚሉ አሉ። ቋንቋ ከመቼ ወዲህ ነው የምልክት ሎሌ የሆነው?

«ርቢ»ን በተመለከተ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም። የግዕዙ «ረብሐ» አተረፈ፣ ተጠቀመ ማለት ነው። አማርኛ ሐዋን ጥሎ «ረባ» አደረገው። «በዝኀ»ም እንዲሁ ኀዋን ጥሎ «በዛ» ሆኗል፤ ያቺ ኀ ዛሬም «ብዙኃን» ውስጥ ተደብቃ ትኖራለች። ከብት ይረባል። ነገር ይረባል ወይም አይረባም። ግሥም ይረባል፤ «የግሥ እርባታ» ብለን አይደል የተማርነው? ታዲያ አሥር ቢረባ ምን ያስቃል? «ፓወር» ግን ከፓወር ባንክ በቀር አማርኛ ውስጥ ዘመድ የለውም።

ቃሉ ደግሞ ሥራ ያቀላል። ብርሃን በሰከንድ ወደ 3 × 10⁸ ሜትር ይጓዛል። ዓመት ወደ 3 × 10⁷ ሰከንድ አለው። ሁለቱን ስናባዛ 3 በ3 ተባዝቶ 9 ይሆናል፤ ርቢዎቹ ግን ይደመራሉ። መልሱ 9 × 10¹⁵ ሜትር ገደማ ነው። «አባዛ» የተባለ ተማሪ 8ንም በ7 አባዝቶ 56 ይዞ ይመጣል። ርቢ የሚቆጥረው ስንት አሥሮች እንደተባዙ ነው፤ እዚህ ስምንት፣ እዚያ ሰባት፣ በድምሩ አሥራ አምስት።

አሁን መራራዋን ልዋጣት። ይህንኑ ስሌት በእኔ ደንብ ጮክ ብዬ አነበብኩት፦ «ሦስት በአሥር ርቢ ስምንት ሲባዛ፣ በሦስት ሲባዛ፣ በአሥር ርቢ ሰባት ሲባዛ...»። የመጀመሪያዋን «ሲባዛ» እስክደርስባት እጄ ምልክቷን ጽፎ አልፏታል። በልጅዎ አነባበብ እጅና አፍ እኩል ይሄዳሉ። ሰሌዳ ፊት ለቆመ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለነገሩ «ሲባዛ» እዚያ ቦታ ላይ ግሥነቱን ትቷል፤ የምልክቱ መጠሪያ ሆኗል። እሺ፣ ያቺን ለልጅዎ ለቅቄያለሁ።

«ፓወር»ን ግን አልለቅም፤ ክፍል ውስጥ የሚሰማው እሱ ቢሆንም። 10⁻³ ላይ ስትደርሱ ልጅዎ ደግማ ብትስቅ ግን አልፈርድባትም። በኔጌቲቭ የረባ ከብት እኔም አይቼ አላውቅም።