ገጹ ሁሉ ሕፃን ሆነብኝ

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ

ሰላም እህቴ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጽሑፎችዎን ሁሌ አነባለሁ። እኔ ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። አሁን ትዕግሥቴ አልቋል።

የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። የብረት በርና መስኮት እሠራለሁ። ባለቤቴ መምህርት ናት። ሁለታችንም ካቶሊኮች ነን፣ የተጋባነውም በቤተ ክርስቲያን ነው። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አሉን። ትንሹ ዘጠኝ ወሩ ነው፣ ገና ይጠባል።

ያስመረረኝ ነገር ደብተሩ ነው። ባለቤቴ ልጆቹ ከተኙ በኋላ በየምሽቱ ታወጣዋለች። በካሬ በካሬ የተሰመረ ነው። የወር አበባ ያየችበትን ቀን ቀይ ትቀባለች። ደረቅ ቀን ከሆነ አረንጓዴ። ፈሳሽ ካየች ደግሞ ካሬውን ነጭ ትተወውና ውስጡ ሕፃን ትስላለች። ክብ ጭንቅላት፣ ሁለት ነጥብ ዓይን። አረንጓዴ ከሆነ ይቻላል፣ ሕፃን ከሆነ አይቻልም። ይህን ያለ መድኃኒት ወሊድ የማራራቅ ዘዴ ያስተማረቻት አንዲት ሲስተር ናት። ትምህርቱ ለባልና ሚስት ነበር። እኔ ሥራ ስለሚበዛብኝ አልሄድኩም፣ እሷ ስትሄድ ግን ከልክያት አላውቅም።

ዘዴውን አልጠላሁትም። ከሁለተኛዋ ልጃችን በኋላ በደንብ ሠርቶልናል። ሦስተኛውንም ያመጣነው ፈልገን ነው። ከእሱ ወዲህ ግን ገጹ ሁሉ ሕፃን ሆኗል። አንድ ቀን አረንጓዴ ካየሁ በማግስቱ ሕፃን ነው፣ በሳልስቱም ሕፃን ነው። ትምህርት ቤት በሄደችበት ከፍቼ አይቼዋለሁ። ሰው እንዴት ወሩን ሙሉ ሊፀንስ ይችላል? እውነት ታያለች ወይስ ከእኔ ለመሸሽ የምትስለው ነው እያልኩ አድራለሁ።

የጓደኞቼ ሚስቶች ጤና ጣቢያ ሄደው ክንዳቸው ላይ አስቀብረዋል። ሌሎቹ በየሦስት ወሩ መርፌ ይወጋሉ። በነጻ ነው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «አንተማ ካላንደር ነው ያገባኸው» ብሎ ስቆብኛል። እኔ አልጠጣም። ሌላ ሴት ጋ አልሄድም። ያገኘሁትን ቤቴ አስገባለሁ። ታዲያ ምን ቀረኝ?

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሐይቁ ዳር ስንሄድ እንኳ እጇን ስይዛት ቀስ ብላ ታስለቅቀኛለች። ማታ ትከሻዋን ስነካት፣ ምንም ሳልጠይቃት፣ «ዛሬ ሕፃን ነው» ትለኛለች። ቅዱስ ጳውሎስ «እርስ በርሳችሁ አትከላከሉ» ያለውን አውጥቼ አንብቤላታለሁ። አለቀሰች እንጂ አልመለሰችልኝም።

እርግጥ ትንሹ ሲወለድ ትንሽ ደም ፈሷት ነበር፣ ሁለት ከረጢት ደም ተሰጥቷት ነው የተረፈችው። እኔ ያን ቀን ለሥራ ሻሸመኔ አድሬ ነበር። አሁን ግን ደህና ናት፣ ሥራም ጀምራለች።

ልጠይቅዎ የፈለግኩት ይህን ነው። መርፌውን እንድትወጋ ልለምናት አስቤያለሁ። ኃጢአት ነው ብላ እንደምትፈራ አውቃለሁ። ስለዚህ «ኃጢአቱን እኔ ልሸከመው፣ ለአባም የምናዘዘው እኔ ነኝ» ብዬ ልምልላት ነው። እንዲህ ብል እግዚአብሔር ይቀበለኛል? እሷስ ነጻ ትሆናለች?

ግራ የገባው፣ ከሐዋሳ

*

ወንድሜ፣

ስለ ደብተሩ ቀለም ብዙ ጻፍክልኝ። ሚስትህ ከሞት ስለ ተመለሰችበት ሌሊት ግን ሁለት መስመር ብቻ። እሱንም «ትንሽ» ብለህ ጀመርከው። ሁለት ከረጢት ደም ትንሽ ለፈሳት ሴት አይሰጥም። በአገራችን እናቶችን በወሊድ ከሚገድሏቸው ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ይኸው የደም መፍሰስ ነው።

ሻሸመኔ በመሆንህ አልወቅስህም፣ እንጀራ ነው። ግን ያን ሌሊት አንተ አላየኸውም። እሷ አይታዋለች። እንዲህ ያለ ሌሊት ያለፉ እናቶች ይጽፉልኛል። ነርሶቹ ሲሯሯጡ፣ ሆዳቸውን ሲጫኗቸው፣ ብርድ አጥንታቸው ድረስ ሲገባ፣ ቤት የቀሩትን ልጆች ማን ያሳድግልኛል ብለው ሲያስቡ የነበረውን ሁሉ ይነግሩኛል። ሚስትህ ይህን አጫውታሃለች? አንተስ ጠይቀሃታል? በደብዳቤህ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

ደግሞ «ዛሬ ሕፃን ነው» የምትልህ ገና ምንም ሳትጠይቃት ነው። ራስህ ነህ የጻፍከው። ትከሻዋን ነው የነካኸው፣ እሷ ግን የደረሰችው ማዋለጃ ክፍል ነው። እጇን የምታስለቅቅህም ለዚሁ ይመስለኛል። እጅ መያዝ ወዴት እንደሚያመራ እያሰበች ትደነግጣለች።

ጥርጣሬህ ልክ ሊሆን ይችላል። ባላየችው ቀንም ሕፃን ትስል ይሆናል። ብታደርገው ግን ስለ ጠላችህ አይደለም። «ፈራሁ» ማለት አቅቷት በእርሳስ እየነገረችህ ነው። እኔ አልፈርድባትም። የጳውሎስን ቃል አንብበህላት ስታለቅስ ምን ሆንሽ ማለት የነበረብህ አንተ ነህ።

ያነበብክላት ጥቅስም ሙሉው አይደለም። ከዚያው በፊት ባለው ቁጥር ጳውሎስ ባልም በገዛ ሥጋው ላይ ሥልጣን የለውም፣ ሥልጣኑ የሚስቱ ነው ይላል። «አትከላከሉ» ባለበት ቦታም ስምምነትን ያነሣል። ግማሹን ቆርጦ ለደከመች ሴት ማንበብ አይገባም።

አሁን ስለ ገጹ። ፍርሃቷ አንድ ነገር ነው። ገጹን ነጭ የሚያደርግ ሌላ ምክንያትም አለ፣ ያኔ ትምህርቱ ላይ ተገኝተህ ቢሆን ታውቀው ነበር።

የወንድ ዘር በሴት አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። እንቁላሏ ግን ከወጣች በኋላ ከ24 ሰዓት አታልፍም። ስለዚህ በአንድ የወር አበባ ዙር ውስጥ መፀነስ የሚቻለው ለ6 ቀን ያህል ብቻ ነው። ጭንቁ እነዚያ ቀናት መቼ እንደሚመጡ ማወቁ ላይ ነው። ሚስትህ የምትጠቀምበት አውስትራሊያውያኑ ሐኪሞች፣ ባልና ሚስቱ ጆንና ኤቭሊን ቢሊንግስ ያስተማሩትን ዘዴ ይመስለኛል። ፈሳሹ መጀመሪያ ያጣብቃል፣ ከዚያ ያዳልጣል። የመጨረሻው የሚያዳልጥ ቀን ካለፈ በኋላ ሦስት ቀን ይጠበቃል፣ ከአራተኛው ጀምሮ ባልና ሚስት ነጻ ናቸው። ዙሯ በተስተካከለበት ጊዜ የሠራላችሁ ይህ ነው።

የምታጠባ ሴት ግን ሌላ ናት። ልጁ ከ6 ወር በታች ሆኖ፣ ጡት ብቻ እየጠባ፣ የወር አበባዋም ካልተመለሰ፣ ማጥባቱ ራሱ ይጠብቃታል። ከ100 እናቶች የሚፀንሱት ከ2 አይበልጡም። የእናንተ ልጅ 9 ወሩ ነው፣ ያ ጊዜ አልፏል። አሁን ሰውነቷ እንቁላል ለማውጣት ይሞክራል፣ ይተወዋል፣ እንደገና ይሞክራል። በሞከረ ቁጥር ፈሳሽ ይመጣል፣ ደብተሩም ነጭ ይሆናል። ወሩን ሙሉ እንዴት ትፀንሳለች ብለሃል። አትፀንስም። ከነዚያ ቀናት የትኛው እውነተኛው እንደሆነ ግን አስቀድማ ማወቅ አትችልም።

ጓደኛህ የሳቀበት ካላንደርም ለእናንተ አሁን አይሆንም። በዶቃ እየቆጠሩ ከ8ኛው እስከ 19ኛው ቀን መታቀብ የሚባለው ዘዴ ዙሯ ከ26 እስከ 32 ቀን ለሆነ ሴት ነው። ከወለደች በኋላ ደግሞ የወር አበባዋ ተመልሶ ሦስት ዙር ያህል እስኪስተካከል ልትጀምረው አይገባም። ይህን የምነግርህ በራስህ ቆጥረህ «ዛሬ ይቻላል» እንዳትላት ነው።

በቢሊንግስ ደብተር ላይ አንተ ያልጠቀስከው ሌላ ቀለም አለ፣ ቢጫ። የምታጠባ እናት የማይለወጥ ፈሳሽ ሊኖራት ይችላል። ዛሬም ያው፣ ነገም ያው። ለ2 ሳምንት ያህል በጥንቃቄ ተመዝግቦ ምንም ካልተለወጠ፣ አስተማሪዋ አይታ ይህ የማትፀንሺበት ጊዜ መልክ ነው ልትላት ትችላለች። ያኔ ነጩ ካሬ ቢጫ ይሆናል። ከነዚያ አንተን ካስመረሩህ ሕፃናት ውስጥ አንዳንዶቹ ቢጫ መሆን የነበረባቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ግን ብቻዋን መወሰን አትችልም፣ የፈራ ሰው ሁሉንም አደጋ ያደርገዋል። አንተም መርፌ ከማሰብህ በፊት ደብተሩ በአስተማሪ እንዲታይ ማሰብ ነበረብህ።

በየምሽቱ ያንን ደብተር የምትይዘው ብቻዋን ናት። ይህ በጣም አሳዝኖኛል። የማውቃቸው ባልና ሚስት አሉ፣ እሷ ያየችውን ትነግረዋለች፣ የሚጽፈው እሱ ነው። ቀለሙን ቀብቶ ሲጨርስ ደብተሩን የሚያስቀምጠውም እሱ ነው። ሚስቱ «ዛሬ አይቻልም» የምትል ዘበኛ አልሆነችም፣ ሁለቱም አንድ ላይ ያውቁታል። ይህን ዘዴ እወደዋለሁ የምለው ስለዚህ ነው። ከተካፈሉት ባልን ሚስቱን ያስተምረዋል። ለአንዷ ከተጣለ ግን ግፍ ነው። ልንገርህ፣ በእነዚህ የተፈጥሮ ዘዴዎች በዓመት ከ100 ሴቶች የሚፀንሱት እንደ ዘዴውና እንደ አጠቃቀሙ ከ2 እስከ 23 ይደርሳሉ። ይህ ሰፊ ልዩነት ከሚመጣባቸው ነገሮች አንዱ የባል ትብብር ነው።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። የቤተ ክርስቲያኔን ትምህርት አምኜበት የምኖር ሴት ነኝ፣ ስለዚህ ገለልተኛ መልስ አትጠብቅ። አይሆንም። መርፌው የሚወጋው የእሷ ክንድ ነው። የወር አበባዋ ቢዛባ የሚዛባው የእሷ ነው። ኅሊናዋም የእሷ ነው። አንተ ታዲያ የቱን ነው የምትሸከመው? ኃጢአት ነው ብላ የምታምነውን ነገር አድርጊው ብሎ መማል ፍቅር አይደለም። ላንተ ስትል ከአምላኳ እንድትጣላ መለመን ነው። አባ ፊት ቆመህም የእሷን ኑዛዜ ልትናዘዝላት አትችልም።

ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በእናንተ ላይ አልጨከነችም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጡት ሁማኔ ቪቴ በተባለው መልእክት፣ ወሊድን ለማራራቅ የሚያበቃ ከባድ ምክንያት ሲዘረዝሩ የባልና የሚስት የአካል ወይም የሥነ ልቦና ሁኔታ ብለዋል። የሚስትህ ደም እዚያ ውስጥ አለ። ፍርሃቷም አለ። በዚያው መልእክት ቁጥር 13 ላይ ደግሞ የትዳር ጓደኛን ሁኔታና ተገቢ ፍላጎት ሳያስቡ የሚጫኑት ሩካቤ እውነተኛ የፍቅር ተግባር አይደለም ይላል። ሰው ሠራሽ መከላከያን ስለ መከልከል የተጻፈውን ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ይህን ግን ባሎች ሲጠቅሱት አልሰማም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 ከፊሊፒንስ ሲመለሱ፣ ጥሩ ካቶሊክ ለመሆን እንደ ጥንቸል መዋለድ አያስፈልግም ብለዋል። ሰባት ጊዜ በቀዶ ጥገና ወልዳ ስምንተኛ ያረገዘችን ሴት እግዚአብሔርን መፈታተን ነው ብለው እንደ ገሠጿትም ያን ቀን ተናግረዋል። ሚስትህ ብትጠነቀቅ እምነቷን አላጎደለችም።

የአንተንም ሕመም አልናቅሁትም። ሳይጠጡ፣ ሳይማግጡ፣ ሠርተው ቤታቸው ገብተው የማይፈለጉ መስሎ መሰማት ያቆስላል። በጓደኛ መሳቅም ያማል። ይህንን ንገራት። ግን አስቀድመህ ስለዚያ ሌሊት ጠይቃት፣ ስትነግርህም አታቋርጣት፣ «አሁንማ ደህና ነሽ» አትበላት። ትከሻዋንም ንካ፣ ምንም ሳትፈልግባት። «ዛሬ ሕፃን ነው» ስትልህ «አውቃለሁ፣ ዝም ብዬ ነው» በላት። እስክታምንህ ጊዜ ይወስዳል።

ከዚያ አንድ ቀን ሥራህን ዝጋና ሐኪም ጋ አብራችሁ ግቡ። ደሙ ለምን እንደ ፈሰሰ ይንገሯችሁ። አንዴ የደማች እናት በሚቀጥለውም የመድማት ዕድሏ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ይህ የማወቅ ጉጉት ብቻ አይደለም። የደም መጠኗም ይታይ። ከወሊድ በኋላ እስከሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 2 ዓመት መቆየት ለማንኛዋም እናት ይመከራል፣ ለእሷማ ይበልጥ። ሐኪሙ ከእንግዲህ እርግዝና ለሕይወቷ ያሰጋል ካላችሁ፣ ሁለታችሁም ከምታምኑት አባ ጋ አንድ ላይ ቁጭ በሉ። ያን በዚህ አምድ አልወስንላችሁም፣ አንተም ብቻህን አትወስነውም።

ከሐኪሙ በኋላ ደብተሩን ይዛችሁ ሲስተሯ ጋ ሂዱ። መቼ እንደምታስተምር ሚስትህ ታውቃለች፣ ጠይቃት።